የመልካሳ መንገድ መቀነቶች

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ቅጽሩን ሳልለቅ ስልኬን ከፈትኩ። አሶሳ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ጭቃ ሆኖ ስለነበር በአንድ እጄ ነጠላዬን ሰብስቤ ይዣለሁ፣ በሌላው ስልኩን። ወንድሜ ቢኒያም ከአዳማ አንድ ፎቶና አንድ የድምፅ መልእክት ልኮልኛል። ፎቶው ላይ ገና የበቀለ የጤፍ ማሳ ይታያል፤ በማሳው መሐል ጥቁር ስንጥቅ ሄዷል፤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ደግሞ፣ የቀረው መሬት ቡናማ ሆኖ ሳለ፣ ለምለም ሣር። ድምፁን ገና ሳልሰማ ቦታውን አወቅሁት።

«ጽጌዬ፣ ቦታውን አወቅሽው? የትናንቱ ዝናብ እንደገና ከፈተው፤ ፎቶውን ሰው ነው የላከልኝ። ልጆቹ ካላየን ብለው ነፍሴን አወጡት፤ ይዣቸው እየሄድኩ ነው። የእማዬን ሳጥን ደግሞ...» ይላል፤ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እማዬ እሑድ እሑድ ስልኳን ትራስ ሥር ትታ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትውለው። አጠገቤ የነበረች ሴት «ምነው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም?» አለችኝ። ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ራሱን ወደዋጠው መሬት እየሄደ ነው ይባላል? ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ጎሚስታ ነበር። አዳማ ውስጥ ከአውቶቡስ ተራው ብዙም ሳይርቅ ባለች ቆርቆሮ ቤት የመኪና ጎማ ይለጥፋል፤ በጎን ደግሞ ብስክሌት በሰዓት ያከራያል። ሰፈሩ «ጋሽ ዘውዴ» ይለዋል። ሳይክል የሚፈለገው በብዛት እሑድ ነው፤ አባዬ ደግሞ እሑድ አያከራይም። «ሰንበት ለእኔም ለብረቱም ነው» ይላል። ጎረቤቶቻችን «ለብረት ሰንበት የሚያከብር አይተን አናውቅም» እያሉ ይስቁበት ነበር። ብረቱ ግን ሰንበቱን አያገኘውም፤ ከቅዳሴ መልስ እኛ እንወጣበታለን። የአዳማን ዙሪያ ያወቅሁት በእነዚያ እሑዶች ነው። ወንጂ ሸንኮራ አገዳው መሐል ገብተን ወጥተናል፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ዳር ከጦጣ ጋር ዳቦ ተሻምተናል፣ በኋላ የነፋስ ማማ የተተከለባቸውን ኮረብታዎች ባዶ ሳሉ ወጥተናል። ዛሬም የርጥብ አቧራና የጎማ ማጣበቂያ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እሑድ ይመስለኛል።

እኔ ግን ፈሪ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከእነዚያ ጉዞዎች ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ ነው ያልለቀቀኝ። አገዳው ነፋስ ሲነካው ሲንሾካሾክ ጅብ ይመስለኛል። አዋሽ ዳር የተንሳፈፈ ግንድ ሁሉ ለእኔ አዞ ነው። ጎረቤቶቻችን ለመታጠን በሚሄዱበት ቦኩ ላይ ከድንጋዩ ስንጥቅ እንፋሎት ሲወጣ ያየሁ ቀን፣ ሲኦል ነው ብዬ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባዬ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሲኦል ቢሆን ኖሮ እነ እትዬ አሰለፈች ወገባችንን አመመን እያሉ ተሰልፈው ይገቡበት ነበር?» አለኝ። አባዬ የመንዝ ሰው ነው፤ ምድርን የሚያነባት እንደ አገሩ ነው። ለሁሉም ነገር ተረት ነበረው። ዳመና ሲያይ፣ ወፍ ሲሰማ፣ ወንዝ ሲሻገር የመንዝ ሽማግሌ ያለውን ይነግረናል፤ እሱ ከተናገረ በኋላ እኔም ትንሽ እረጋጋለሁ። አባቴ የማያውቀው መሬት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያቺ እሑድ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበረች። ሌሊቱን የወረደው ዝናብ ጠዋት አባራና አዋሽ ሞልቷል የሚል ወሬ መጣ። አባዬ «መልካሳ ድረስ ሄደን ሙላቱን አይተን እንመለሳለን» አለ። እማዬ አልወደደችውም። «ዝናብ የጠጣ መሬት ላይ ሕፃን ይዞ መዞር ምን የሚሉት ነው?» እያለች የቢኒን ማዕተብ አጠበቀችለት። ቢኒ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ግን ቀድሞ ከአባዬ መቀመጫ ፊት ባለው ብረት ላይ ወጥቷል፤ ብረቱ እንዳይቆረቁረው ፎጣ ተጠቅልሎበታል። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከመቀመጫው ካልወረድኩ እግሬ ስለማይደርስ ቆሜ ነው የምነዳው። አባዬ ከኋላው ዳቦውንና ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ላስቲኮቹን አሰረ። ላስቲክ ሳይዝ ከቤት አይወጣም፤ የማይጠግነው ነገር የለም።

የአሰላው መንገድ ላይ አይሱዙ ሲያልፈን የሚረጨን ውሃ ስላስመረረን ወደ ጋሪ መንገድ ወረድን። ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ኩሬ ሆኖ ጠበቀን። አባዬ ከሳይክሉ ወርዶ ማሳውን ቃኘ። ጤፉ ገና ብቅ ማለቱ ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። በመሐሉ ግን የለመለመ ሣር፣ ስፋቱ እንደ ምንጣፍ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ በኩል ተዘርግቷል።

«አያችሁ» አለ አባዬ። «ሣር የያዘው መሬት ሰው አይከዳም ይላል ያገሬ ሰው። እዚያ ላይ እንውጣ።»

እንግዲህ የመንዝ ሰው አልተሳሳተም። እዚያ ደጋ ላይ ራቁቱን የሆነው መሬት ነው ሰው የሚይዘው፤ ሣር ያለበትን እግር ያምነዋል። ማዶ የተሰማሩት ከብቶች ግን ወደ ሣሩ ሲመጡ አየሁ፤ ዳሩ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ዘርግተው ጫፉን ጋጥ ጋጥ አደረጉና ዞሩ። ለምለም ሣር ጥሎ የሚዞር ከብት ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ አየሁ። አባዬ ሳይክሉን እየገፋ ሳለ ቢኒ ከብረቱ ላይ ዘሎ ወረደ። ከጭቃው ወጥቶ ሣሩን በመርገጡ ደስ ብሎት «ጽጌ፣ አትደርሽብኝም!» እያለ ሮጠ። ዞር ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሣሩ ብቻ ቀረ።

ጩኸት አልሰማሁም። አፈር ሿ ብሎ ሲወርድ ብቻ ሰማሁ፤ ከዚያ እንደ ጉድጓድ ውሃ የቀዘቀዘ ሽታ ወጣ። አባዬ ሳይክሉን ጥሎ ሮጠ፤ ዳሩ ላይ ሲደርስ ከእግሩ ሥር ተናደበትና ወደ ኋላ ወደቀ። በደረቱ ተንፏቆ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ። «ቢኒ! ቢኒዬ!» ሲል ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ከታች፣ ከሩቅ፣ በቀጭኑ «አባዬ፣ ጨለማ ነው» የሚል መጣ። ስንጥቁ ጠባብ ነው፤ ቢኒ የአንድ ግራር ሥር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከእሱ በታች ምን እንዳለ አይታይም። ከላይ የኩሬው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ስንጥቁ መንጠባጠብ ጀምሯል።

አባዬ ላስቲኮቹን ቀጣጥሎ ወረወረለት። ቢኒ በአንድ እጁ ያዘ። አባዬ ሲስብ ላስቲኩ እንደ ሊጥ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ ከዚያ ከልጁ እጅ ሾልኮ አባዬ ፊት ላይ ተመለሰ። በድጋሚ ሞከረ፤ አሁንም ሾለከ፤ ከዳሩም አንድ ቁና የሚሞላ አፈር ቢኒ ላይ ወረደ። ቢኒ ሲያስነጥስ ሰማሁት። ያኔ አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከጉድጓዱ ይልቅ ያ ፊት ነው ዛሬም ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። «ሮጠሽ አስፋልቱ ላይ ሰው ጥሪ» አለኝ። እግሬ ግን እምቢ አለ። ከቆምኩበት በቀር የሚታመን መሬት የት አለ? አንድ እርምጃ ብራመድ እኔም እንደምገባ እርግጠኛ ነበርኩ። «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

«አንተ ሰውዬ! አትነሳ! ተኛ!»

ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሴቶች ናቸው፤ ለቅሶ ሊደርሱ ከየመንደሩ ተጠራርተው የሚሄዱ። የጮኸችው ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች። ሌሎቹ «ሃዳ ቶላ» ይሏታል፤ የቶላ እናት ማለት ነው። አባዬ ሰው «አንተ» ሲለው የማይወድ ሰው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን እንደታዘዘ ሕፃን ተኛ። ሴትየዋ ሌሎቹን በኦሮምኛ ከሣሩ ዳር እንዳያልፉ ከለከለቻቸው። «በቀቃ ነው» አለችን በእጇ መሬት እንደሚሰነጠቅ እያሳየች። «ክረምት ሲመጣ አፉን ይከፍታል። ሣሩ ክዳኑ ነው። ከብት እንኳ ያውቃል።» ከዚያ ወደ ሳይክሎቹ ተመለከተች። «ያንን ብረት አምጣና በላዩ አጋድም። ክብደትህን ለብረቱ ስጠው፣ ለአፈሩ አትስጠው።»

ሁለቱን ሳይክሎች በስንጥቁ ላይ አጋደሙ። አባዬ በላያቸው በደረቱ ተኛ፤ ሁለት ሴቶች እግሩን ያዙ። «ገመድ?» አለች ሃዳ ቶላ። ለቅሶ የሚሄድ ገመድ አይዝም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ እሷ ጃንጥላዋን አስቀመጠችና ከወገቧ ላይ መቀነቷን ፈታች። አንድ ነገር አለች፤ አንዷ ወጣት ሴት አፍራ ወደ አባዬ አየች። ሃዳ ቶላ ተቆጣች። «ሰውዬው ፊቱን ጉድጓድ ውስጥ ከቷል፤ ማንን ነው የሚያይሽ?» አለቻት፣ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል በአማርኛ። ሁሉም ፈቱ። ቀይ ጥለት ያለው፣ ነጭ፣ ጫፉ የተተለተለ አረንጓዴ፣ ሁሉንም ጫፍ ለጫፍ ቋጥራ፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ በጥርሷ አጠበቀችና ጫፉ ላይ የማይጠብቅ ቀለበት ሠራች።

ቢኒ ግን ሥሩን አልለቅም አለ። ቀለበቱ ደረቱ ላይ ደርሷል፤ እጁን አሾልኮ ማስገባት ብቻ ነው የቀረው። «እጄን ከለቀቅሁ እወድቃለሁ» ይላል። አባዬ ለመነው፣ ተቆጣው፣ መልሶ ለመነው። ሃዳ ቶላ ወደ ስንጥቁ ጎንበስ ብላ «ሂን ሶዳቲን፣ ኢልሞ ኮ» አለችው። ቢኒ ከሰፈር ልጆች ጋር በኦሮምኛ ተጫውቶ ያደገ ነው፤ አትፍራ ልጄ እንዳለችው ገባው፤ ማልቀሱን አቆመ። እሷም ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ቆመሻል? አውሪው። ድምፅሽን ካጣ ይጨልምበታል።»

ምን ይወራል? የመጣልኝ ማታ ማታ አብረን የምንደግመው አባታችን ሆይ ነው። ጮክ ብዬ ጀመርኩ፤ ከታች እሱ ይቀበለኛል፣ እኔ እላለሁ፣ እሱ ይከተላል። የዕለት እንጀራችንን ከሚለው ስንደርስ ዝም አለ። ከዚያ «ጽጌ፣ ዳቦው አባዬ ሳይክል ላይ ነው ወይስ እኔ ጋ ወድቋል?» አለኝ። ከሴቶቹ አንዷ እያለቀሰች ሳቀች። «ከላይ ነው፣ ና ውጣና ብላ» አልኩት። አንድ እጁን ለቆ በቀለበቱ አሾለከ፤ ከዚያ ሌላውን።

ሁሉም በአንድነት ሳቡ። መቀነት እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ ጠበቅ፣ ጠበቅ እያለ መጣ። አባዬ ከሳይክሎቹ ላይ ሆኖ ክንዱን ያዘና ወደ ራሱ ጎትቶ፣ ሁለቱም በሴቶቹ ጉልበት ወደ ኋላ ተጎትተው ወጡ። ቢኒ ከጭቃው የተነሳ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው። መጀመሪያ የተናገረው ነገር «ጫማዬ ቀረ፣ እማዬ ትገድለኛለች» የሚል ነበር።

መቀነቶቹ ግን አልፈታ አሉ። በውሃ ርሰው፣ በልጅ ክብደት ጠብቀው፣ ቋጠሮዎቹ እንደ ድንጋይ ሆነዋል። ሴቶቹ በጥርስም በጥፍርም ሞከሩ። ከማዶ የለቅሶ ድምፅ ይሰማል፤ ቀብሩ ሊያመልጣቸው ነው። ሃዳ ቶላ መቀነቶቹን ሰብስባ ቢኒ አንገት ላይ ጠመጠመችለት። አባዬ በሕይወቱ የማያውቃትን ሴት አንቱ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ተነስቶ ትከሻዋን ሳመና «እናቴ፣ እንዴት ልክፈልዎት?» አላት። «ልጅህን ይዘህ ሂድ» አለችው። «ሌላ ጊዜ መንገድ ስትወጣ ደግሞ አገሬውን ጠይቅ።» ከዚያ ሁሉም ቀሚሳቸውን ከወገባቸው ላይ በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ በሌላው ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ። ሴት ልጅ ወገቧን ሳታስር ለቅሶ ቤት መግባት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ግን ያንን አካሄድ ሳስበው ዓይኔን እንባ ይሞላዋል።

ቤት ስንደርስ እማዬ አልጮኸችም። ቢኒን አጠበች፤ መቀነቶቹንም አጠበች፤ ከነቋጠሯቸው ጥላ ሥር አሰጣች። እትዬ አሰለፈች በመርፌ ልትፈታላት ስትሞክር ከእጇ ነጠቀቻት። «የሰው አደራ ነው። ያሰረችው ትፍታው» አለች። አባዬ በሳምንቱ መቀነቶቹን ይዞ ሊፈልጋት ሄደ፤ ደጋግሞም ሄደ። ለቅሶ የወጣች ሴት መንደሯ የት እንደሆነ ማን ይነግረዋል? ቶላ የሚባል ልጅ ያላት እናት ደግሞ በየደጁ አለች። መቀነቶቹ እማዬ ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ በየፍልሰታው ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ከዚያ በኋላ መውጣት አላቆምንም። ቆቃም ሄድን፣ ዝዋይም፣ በአውቶቡስ ላንጋኖ ድረስ። እኔ ግን የምረግጠው የአባዬን ዱካ ነበር። አባዬ ደግሞ ተረቱን ተወ። አዲስ ቦታ ስንደርስ መጀመሪያ ሰው ይፈልጋል፣ «አካም ጅርቱ» ብሎ በመንዝ ምላሱ ሰላም ይላል፣ ከዚያ «በየት በኩል ልርገጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበር። አሁን የእኛ ልጆች አዳማን የሚዞሩት በባጃጅ ነው፤ መንገዱም በስልክ ካርታ ይታያቸዋል። ካርታው ግን የቱ ሣር ክዳን እንደሆነ አይነግራቸውም።

ከድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ እያሰብኩ፣ የቢኒን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለውን ልጅ ድምፅ ጠላሁት። ያኔ ፈርቼ ስቆም ቢያንስ ድምፄ ይደርሰው ነበር፤ አሁን በስንት ወንዝ ማዶ ሆኜ በምን ላውራው? ምእመናኑ ወጥተው አልቀው ግቢው ጭር ሲል፣ አባታችን ሆይን እንደ ልጅነቴ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። እንጀራው ጋ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ።

«ጽጌዬ፣ ምን ሆነሻል? ይሄ ሁሉ ጥሪ ምንድን ነው? ባትሪዬ ሞቶ እኮ ነው፤ ገና አሁን ባጃጁ ውስጥ ሰካሁት።»

«የት ነህ? ልጆቹ የት ናቸው? ሣሩ ላይ ናቸው?»

«አስፋልቱ ዳር ናቸው፣ በቆሎ እየበሉ። እኔን ምን አደረግሽኝ አንቺ ሴት፣ እኔ ሣር ላይ እቆማለሁ? ኳስ ሜዳ እንኳ ፈርቼ አይደል የተውኩት!»

ለቀቅሁበት፤ ሳለቅስም ስቆጣም ሳያቋርጥ ሰማኝ። ሲበቃኝ ነገረኝ። ጠዋት የሄደው ሊያሳያቸው ብቻ አልነበረም። በዚያ መንገድ የሰንበት ትምህርት ልጆች እንደሚያልፉ ስለሚያውቅ፣ የእማዬን ሳጥን አስከፍቶ መቀነቶቹን ይዞ ነው የሄደው። ከስንጥቁ ወዲህ ያሉትን ሁለት ግራሮች አገናኝቶ በመንገዱ ላይ ወጥሯቸዋል። «እማዬ ሰጠችህ?» አልኩት፤ አላመንኩም። «ሳጥን ውስጥ ሆኖ ማንን ያወጣል አለች» አለኝ።

የዚያን ዕለት ጃንጥላችሁን ይዛችሁ በመልካሳ በኩል ወደ ለቅሶ ትሄዱ የነበራችሁ እናቶች፣ ሃዳ ቶላ፣ ካላችሁ፤ ከሌላችሁም ልጆቻችሁ። በዚያ ስታልፉ ሁለት ግራሮች መሐል የደበዘዘ ጨርቅ ተወጥሮ ታያላችሁ። ቀይ ጥለት ያለበት አለ፣ ጫፉ የተተለተለ አረንጓዴም አለ። የእናንተ ነው። ቋጠሮዋን የምታውቅ ካለች፣ እባካችሁ ክረምቱ እስኪወጣ አትፍቱት። ሲወጣ ግን ኑልን። እማዬ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ አደራዋን ሳትመልስ እንዳታልፍ፣ ቋጠሮውን ስትፈቱ ማየት ትፈልጋለች። ያልፈታነው እናንተን ስንጠብቅ ነው።